የኬዚያ የሌሊት ልብስ

መርሲ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የከረመውን የእራፊ ከረጢት አውርዳ ጋሪው ላይ ታራግፋለች። ያለቀ የሸሚዝ እጅጌ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ መሃሉ የሳሳ አንሶላ፣ አንድ እግር ካልሲ። በየመንደሩ እየዞረ ለወረቀት ፋብሪካው እራፊ የሚሰበስበው ሽማግሌ፣ ዘሩባቤል፣ በዱላው ጫፍ ያገላብጠዋል።

«ካልሲው ሱፍ ነው፤ ሱፍ ወረቀት አይሆንም» ብሎ ይመልስላታል። «ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀምሽው ይኸው ነው፣ ወይዘሮ መርሲ?»

«ታዲያ ራቁቴን ልሂድልዎ፣ ጋሼ ዘሩባቤል?»

«ኧረ ብርዱ አይምርሽም» ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ይተዋል። «በጦርነቱ የእንግሊዝ ወረቀት ከቀረ ወዲህ የቦስተን አታሚዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ወታደሩ ባሩዱን የሚጠቀልልበት እንኳ አጥቷል። የተልባ እግር ጨርቅ የለሽም? አሮጌም ቢሆን?»

አለ። ቆጡ ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ የኬዚያ የሌሊት ልብስ አለ። ኬዚያ የባሏ የአሳሄል የመጀመሪያ ሚስት ነበረች፤ በወሊድ ነው የሞተችው። ብርዱ ሲያልፍ አሳሄል ያንን ልብስ ራሱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላ ልብስ አስጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ለዚያ ሲሆን ትከሻውን አስተካክሎ ይሰቅልና ነፋስ እንዳይጥለው አጠገቡ ይቆማል። መርሲ በመስኮት ታየዋለች። እሷ ለሰርጓ የለበሰችው ቀሚስ ቀለሙ ምን እንደነበር ቢጠይቁት አያውቅም።

«ቆዩኝ» ብላ ደረጃውን ትወጣለች።

ይዛው ትወርዳለች። አንገቱ ላይ በሰማያዊ ክር የተጠለፈች የስም ፊደል አለች። መርሲ ከዚያ ጀምራ ልትቀደው ትጎትታለች። ጨርቁ እምቢ ይላል። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሩቅ የማይታይ ነው፤ የእሷ እጅ እንዲህ ሰፍቶ አያውቅም። ይሄ ይበልጥ ያንገበግባታል። በጥርሷ ትይዘዋለች።

«እሱ እኮ ገና ብዙ ይለበሳል» ይላል ዘሩባቤል።

«የሚለብሰው የለም።»

አሳሄል ከጎተራው ይወጣል፤ እጁ ላይ ድርቆሽ ተጣብቋል። ሁለቱንም ያይና ዓይኑ ልብሱ ላይ ይቀራል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እራፊ ነው።» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ይጮሃል። «ለአገር ያስፈልጋል ተብሏል። ወይስ አንተ ለአገር አትሰጥም?»

ሽማግሌው ፊቱን አዙሮ የበቅሎዋን ልጓም ይነካካል።

መርሲ እስኪቆጣ ትጠብቃለች። ቢቆጣ የምትለው አላት፤ ከተጋቡ ጀምራ ስታሰናዳው ኖራለች። አሳሄል ግን እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ደጋግሞ። ከዚያ ልብሱን ከእጇ ይወስደዋል።

«አትድከሚ» ይላታል። «ፋብሪካው ውስጥ ይቀጠቅጡታል።»

እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ትከሻን ከትከሻ ያገጥማል። የነከሰችውን ቦታ በአውራ ጣቱ ያደርቃል፣ ጠርዙን በመዳፉ ያስተካክላል። ወደ ጆንያ የሚገባ እራፊ ማንም አያጥፍም፤ መርሲ ይህን ቆማ ታያለች። አሳሄል ልብሱን በሁለት እጁ ለሽማግሌው ይሰጣል።

«አደራ» ይላል፤ ወደ ጎተራውም ይመለሳል።

ዘሩባቤል ጆንያው ውስጥ አይከተውም። የጋሪው ወንበር ላይ ከጎኑ ያስቀምጠውና በቅሎዋን ይነዳል። ጋሪው ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርዳል።

መርሲ ልትገባ ስትል ባሏን ጎተራው በር ላይ ታየዋለች። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ከጋሪው ዓይኑን አይነቅልም። ምሳ ደርሷል ልትለው ባርኔጣውን እስኪደፋ ትጠብቃለች።

ጋሪው ከዓይን ይሰወራል። አሳሄል ግን ባርኔጣውን አልደፋም።