ሁለተኛው እጅጌ

ደሃብ ከሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ወደ ሆፕኪንስ አፓርታማዋ የተመለሰችው የልጇን ጥንቸል ለመመገብ ብቻ ነበር። ልጇ ሄርመላ ራሷን ከሳተች ሰንብታለች። ዶክተሮቹ "ከእንግዲህ ተስፋ የለም፤ ነገ መተንፈሻ ማሽኑ ይነቀላል" ብለዋል። አባቷ ርእሶም አልጋዋ አጠገብ ቀርቷል።

ጥንቸሏ ኩኪ የቀረበላትን ጎመን አሸታ ተወችው። ደሃብ እጇ ሥራ እንዲይዝላት ብላ ለሄርመላ የጀመረችውን ሹራብ አነሳች። የቀረው ሁለተኛው እጅጌ ነበር። ማን እንደሚለብሰው ላለማሰብ እየሞከረች፣ ክሩን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየሳበች ጫፉን መሥራት ጀመረች።

ኩኪ ድንገት ሶፋው ላይ ዘላ ወጣች። ከሄርመላ በቀር ማንም እንዲነካት አትወድም። አሁን ግን ብቻዋን ተዘርግታ ዐይኗን ጨፈነች። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኙ። የጀርባዋ ጠጉር ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀስ ብሎ ተጫነ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተጫነ።

ደሃብ መርፌዎቹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ስልኳ ጮኸ።

"ደሃብ፣ እጇ ይንቀሳቀሳል!" አለ ርእሶም።

"እንዴት?"

"አንሶላው ላይ፣ ቀስ እያለ። የሆነ ነገር የምትደባብስ ነው የሚመስለው። ነርሷ ግን ሪፍሌክስ ነው፣ ሰውነት ሳያውቀው የሚያደርገው ነው፣ ተስፋ አታድርጉ ትላለች።"

ደሃብ ዐይኗን ከጥንቸሏ ጀርባ ላይ መንቀል አልቻለችም።

"ደሃብዬ፣" አለ ርእሶም፤ ድምፁ ተሰበረ። "እጇ አሁን ቆመ።"

ኩኪ ዐይኗን ገለጠች። ራሷን ቀና አድርጋ ባዶውን አየር ማሽተት ጀመረች።