ድንጋይ ያሸከምናት የቴኳንዶ ልጅ

«ጋሼ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉ ብያለሁ!»

አላደረጉም።

ድው!

የፍቅርአዲስ እርግጫ የጋሼ ዋልልኝን ጎን አገኘው… ሰውዬው የቴኳንዶ ቤታችን ወለል ላይ ተዘረሩ።

ሃያ ሰው ክው ብሎ ቀረ።

እንዴት አንደነግጥ? ጋሼ ዋልልኝ እኮ በስልሳ ዓመታቸው ከግብርና ቢሮ ጡረታ ወጥተው፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ነጭ ቀበቶ ያሰሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ አንድ ልጃቸው ያለው ሐዋሳ ነው… ደብረ ታቦር ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

ፍቅርአዲስ ደግሞ ከኩዌት የተመለሰች የይፋግ ልጅ… አፏም እግሯም ማረፍ አያውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ አድሚናችሁ ከነዚያ ሃያ ሰዎች አንዱ ነኝ። ስድብ ካማራችሁ ቆዩ፣ መጀመሪያ አስጨርሱኝ።

ጋሼ ዋልልኝ ከሁላችንም ቀድመው ነበር የሚመጡት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ያ የደብረ ታቦር ብርድ እየጠበሳቸው በር ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን።

ሲገቡ ሁላችንም ብድግ!

ወንበር እናቀርባለን። «ይረፉ ጋሼ፣ ይረፉ…»

ጥንድ ጥንድ ሁኑ ሲባል ግን እሳቸው ጋ የሚቆም የለም።

«ማነው ዛሬ ከእኔ ጋር?» ይላሉ እየሳቁ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎን እንዴት እንመታለን? ነውር አይደለም እንዴ!»

አሰልጣኛችን ማስተር ዳኛቸው አንዳችንን በግድ ሲመድብ፣ እርግጫችንን አንድ ክንድ ሲቀረው እናቆመዋለን። ጋሼ አየሩን ይመክታሉ… እኛ እናጨበጭባለን።

«ጎበዝ ጋሼ!»

ከዚያ ጥግ ይዘው ከግድግዳው ጋር ብቻቸውን ይሰራሉ።

ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ…

የቢጫ ቀበቶ ፈተና ሊደርስ ሲል ማስተሩን ለመኑት።

«ዳኛቸው፣ እስቲ አንድ ቀን የእውነት አፋልመኝ። የማልችለውን ልወቀው።»

ሁላችንም አቀረቀርን። «እኔ አለሁ» ያለችው ፍቅርአዲስ ብቻ ናት።

ውጤቱን አያችሁት።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ። ጎናቸውን እንደያዙ ለእሷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ወጡ።

በነጋታው አልመጡም። በሳልስቱም የሉም።

ሁላችንም እሷ ላይ ወረድንባት!

«አባትሽ የሚሆኑ ሰው! አዋረድሻቸው እኮ!»

«እኔ ላይ ከምትጮሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው» አለች።

«በምን ፊታችን? አንቺ ብሎ ተናጋሪ!»

ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ስልክ አልደወለም። ተቆጥተው ከሆነስ? ትልቅ ሰው ተቆጥቶ እያለ ደውለህ ምን ትለዋለህ?

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንደ ወጋችን ሁለት ሽማግሌ ይዘን ለይቅርታ ሄድን። ፍቅርአዲስን ድንጋይ አሸከምናት። ጎንበስ ብላ ተቀበለች… ደህና አድርጎ የሚከብደውን መርጬ አንገቷ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የጋሼ ቤት በር ገርበብ ብሏል።

አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘናቸው። ሊነሱልን ሞከሩ… አልቻሉም። ደረታቸው በፋሻ ተጠምጥሟል።

«ይቅር ካላሉን አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ አቶ ወርቁ።

ጋሼ ድንጋዩን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማነው ይሄን ያሸከማት? አውርዱላት! ያን ቀን ከስልጠናው በኋላ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እኮ እሷ ናት። የጎድን አጥንቴ ተሰንጥቆ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሾርባ እያመላለሰች ያስታመመችኝ እሷ ናት!»

የምንገባበት ጠፋን።

«ታዲያ… አልተቀየሙም ማለት ነው?» አለ ማስተር ዳኛቸው።

ጋሼ ከድንጋዩ ወደ እኛ ዞሩ።

«ተቀይሜያለሁ እንጂ! በእናንተ ነው የተቀየምኩት። እኔ እናንተ ዘንድ የመጣሁት ይሄ ቤት ጭር ሲልብኝ፣ ከሰው ጋር ልጋፋ ብዬ ነው። እናንተ ወንበር ሰጣችሁኝ… ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንደ ሰው የቆጠረኝ ያ እርግጫ ነው። ታሟል ብለሽ እንዳትጠሪያቸው ብዬ ያስማልኳትም እኔው ነኝ። ራሳችሁ ትዝ ብያችሁ እንድትመጡ ፈልጌ ነበር። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እናንተ እየመሰላችሁኝ አሥራ አንድ ቀን በር በር ሳይ ከረምኩ።»

ማስተር ዳኛቸው አለቀሰ። እኔም አልቻልኩም።

ድንጋዩን ሳወርድላት «ቆይ፣ አንቺ ምንም ሳታጠፊ ለምን ተሸከምሽ?» አልኳት።

አንገቷን እያሸች አየችኝ።

«ምን ላድርግ? ጠይቋቸው ስላችሁ እምቢ አላችሁ። ለይቅርታ ከሆነ ግን እንደማትቀሩ አውቃለሁ። ባልሸከመው አትመጡም ነበር።»

ወዳጆቼ… እኛ አክብሮት እያልን ሰውዬውን ከመሃላችን አስወጥተናቸው ነበር። ለትልቅ ሰው ብድግ ማለት ደግ ነው። ግን ተቀምጦ የሚያጫውታቸው፣ ሲቀሩም «ምነው ጠፉ?» የሚላቸው ይፈልጋሉ። ይሄን ለማወቅ የሰው ጎድን እስኪሰነጠቅ መጠበቅ አልነበረብንም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ባላስቸግራቸው ይሻላል» እያላችሁ የራቃችኋቸው ማን አሉ? ኮሜንት ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉላቸው… ከዚያ ንገሩኝ፤ ድምፃችሁን ሲሰሙ መጀመሪያ ምን አሏችሁ?