ሳትቀምስልኝ አልበላም

የልጅቱ እናት ከተቀበረች ወዲህ አባቷ እህል በአፉ አልዞረም። «እሷ ሳትቀምስልኝ አልበላም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ዕድሜ ልኳን ሳህኑን የምታቀርብለት አንዴ ገመጥ አድርጋ ጨዉን ካየች በኋላ ነበር።

ጉንጩ እየጎደጎደ፣ መነሳትም እያቃተው ሲሄድ ልጅቱ ጨነቃት። አንድ ቀን ራሷ ገምጣ ብታቀርብለት፣ ሳህኑን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ አየና፣ «ይሄ ያንቺ ጥርስ ነው። እናትሽ ፍንጭት ናት» ብሎ መለሰላት።

የቀራት ተስፋ የእናቷ መጥበሻ ብቻ ነበር። ያንን ከባድ ብረት ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች በሳሙና ፈትገው እርጥቡን ስለተዉት ዝጓል። እናቷ ብትኖር ጉድ ይፈላ ነበር! ልጅቱ ዝገቱን በደረቅ ጨው ፈተገች፣ ዘይት በስሱ ቀባች፣ እስኪጨስ አጋለች፤ ጥቁረቱ የገዛ ፊቷን እስኪያሳያት ድረስ ደጋገመችው። ከዚያ ቅቤ ጨምራ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጣል አደረገችበት።

ሳህን ልታነሳ ዞር አለች። ስትመለስ ቅቤው ገና እየተንጫጫ ነው፤ የዳቦው አንድ ጥግ ግን የለም። የተገመጠው ቦታ መሃል ላይ፣ ጥርስ ያልነካት ክር የምታህል ዳቦ ቆማለች።

ቤቱ ውስጥ ከእሷና ከአባቷ በቀር ማንም የለም።

«ስሚያት እንጂ!» አለ አባቷ ከመኝታ ቤት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ባለው ድምፅ። «ጨው አንሶታል እያለችሽ እኮ ነው።»