የላቦራቶሪ ቅጂ

የክፍል ጓደኞቿ «ላቦራቶሪ» ይሏታል። ጓደኞቿ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ አብረዋት የሚማሩ ልጆች ናቸው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች፤ እየበላችም በብልቃጥ ውስጥ ስለሚሠሩ ሰዎች የተጻፉ ልብ ወለዶች ታነባለች።

ልብ ወለዶቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም የአንዲትን ልጅ ዘረመል ወስዶ ሌላ ልጅ ይሠራል። ቅጂዋ ቅጂ መሆኗን ሳታውቅ ታድጋለች። አንድ ቀን ዋናዋ ትታመማለች፤ ቅጂዋም እንደ አሮጌ መኪና ተፈታትታ መለዋወጫ ትሆናለች። ላቦራቶሪ እዚህ ላይ ስትደርስ አትፈራም፤ ትቀናለች። መለዋወጫም ቢሆን፣ ሁለት ናቸው።

አንድ ቀን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሰው ቅጂ ሊኖረው ይችላል?»

«ተፈጥሮ የሠራችው መንታ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ደራሲ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ነው።»

«መንታ መሆኑን የማያውቅ መንታስ?»

«ኧረ አንቺ ብቻሽንም በዝተሽብናል!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግታውን በጠመኔ በነጣ እጁ ሸፈነ።

ቤት ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። አባትየው እርግዝናውን እንደ ሰማ እግሬ አውጪኝ ያለ ሰው ነው፤ እናቷ ያኔ ራሷ ተማሪ ነበረች። አሁን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ጎረቤቶች ላቦራቶሪን ባዩ ቁጥር «ቁርጥ እናትሽን!» ይሏታል፤ ከሰላምታ ስለማይለይ ጆሮዋ መስማት ትቶታል።

ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ እናቷ ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ሥራ ይዣለሁ ትላለች። ላቦራቶሪ በሩን ራሷ ትከፍታለች። ሬዲዮ የምታበራው ለማዳመጥ ሳይሆን ቤቱ ዝም እንዳይል ነው።

አንድ ሰኞ የአውቶቡሱ ረዳት ቲኬቷን እየቆረጠ አኮረፋት።

«ምነው ኩራት? አርብ ዕለት እኮ ከድልድዩ ማዶ በመስኮት ስጠራሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ!»

«ከድልድዩ ማዶ ሄጄ አላውቅም።»

«በይ ተይኝ! መጽሐፍ ታቅፈሽ፣ በሹራብሽ፣ በዚያ ሩጫሽ!»

በዚያው ሳምንት እርሳስ ልትገዛ ብትገባ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅለው የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ፣ «ልጄ፣ ያ የወሰድሽው እርሳስ ገና ሳይቀረጽ አለቀ እንዴ?» አላት። እርሳስ አልወሰደችም።

ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የከተማው ተማሪ ሁሉ የሚለብሰው ሰማያዊ ሹራብ፣ የአምናው፣ የለም። የአምናው የባዮሎጂ መጽሐፏም የለም።

«እማ፣ መጽሐፌስ?»

እናቷ ድስቱን ማማሰሏን አልተወችም። ጣቷ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል፤ አንሶላ ላይ የክፍል ቁጥር ስንጽፍ ነው ትላለች። «ለሚያስፈልገው ሰው ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሰው አልኩሽ እኮ! ፖሊስ ሆንሽብኝ ደግሞ?»

«እማ… ስትወልጂኝ ብቻዬን ነበርኩ?»

ማማሰያው ቆመ።

«አንቺን ብቻ ነው የወለድኩት። አንቺም በምላስሽ ለሁለት ትበቂያለሽ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ፣ ዓይኗም ከልጇ ዓይን ሸሸ።

በልብ ወለዶቹ ውስጥ እናቶች የሚዋሹት ልክ እንዲህ ነው። ብቸኝነት ጎበዝ አንባቢ ያወጣል፤ ጎበዝ ተመልካች ግን ሲያወጣ አልታየም። ላቦራቶሪ ሁሉንም ገጣጠመችው፦ ሹራቡ ለሌላዋ ነው፤ መጽሐፉ ለሌላዋ ነው፤ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ለሌላዋ ነው። ከድልድዩ ማዶ እናቷ ሌላ ልጅ አለቻት።

ማንኛዋ ዋና፣ ማንኛዋ ቅጂ እንደሆነች ግድ አልነበራትም ቢባል ውሸት ነው። ትራሷን ነክሳ አልቅሳበታለች። ግን ከለቅሶው ሥር አንድ ተስፋ ነበረ፦ በዚህ ዓለም ላይ እሷን ለመረዳት ምንም ማብራሪያ የማያስፈልጋት አንዲት ሰው አለች ማለት ነው። ያቺ ሰው ከሌለች ደግሞ፣ ማንም የለም።

አርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጥላ ወጣች። ድልድዩን ተሻገረችና አንድ የተዘጋ ሱቅ ጥግ ቆመች። የምትላትን በሆዷ ስትለማመድ ቆየች፤ ብዙ አማርጣ የመረጠችው «ምሳሽን ከማን ጋር ነው የምትበይው?» የሚለውን ነበር።

ብዙም ሳትቆይ አየቻት። ሰማያዊ ሹራብ፣ የታቀፈ መጽሐፍ፣ ያው ቀጭን አንገት፣ ያው ወደ ፊት የሚያዳፋ አረማመድ። ሰው እንዳያያት ይመስል ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ቀለሙ የተላላጠ የትምህርት ቤት በር ጋ ስትደርስ ገባች። ላቦራቶሪ ተከተለች። ዘበኛው ሹራቧን ብቻ አይቶ፣ «ግቢ፣ ግቢ፣ ተጀምሯል!» አላት።

ያቺ ከገባችበት ክፍል መስኮት ሥር ደረሰች። በመስታወቱ ጥግ አጮለቀች። አንድ ጺማም ሰው በጠባብ ዴስክ ውስጥ ጉልበቱን የሚያኖርበት አጥቷል። እሷ ከፊት ናት፤ ጀርባዋ ብቻ ይታያል። ላቦራቶሪ እጇን ወደ መስታወቱ ዘረጋች፤ ልታንኳኳ።

«ከፊት ያለሽው፣» አለች አስተማሪዋ፣ «እስኪ ተነሺና አንብቢልን።»

ተነስቶ ማንበብ የጀመረው፣ ጠዋት ጠዋት «ተነሺ፣ ትምህርት ይረፍድብሻል» እያለ ላቦራቶሪን ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ድምፅ ነበር።