የአባቷ አንሶላ

ልጅቷ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት። እድፍ አይታ የምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አይፈጅባትም። የወላጆቿን አንሶላ ረጥቦ ያገኘችው ዕለትም ሽንት መሆኑን አወቀች፤ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው።

"ውሃ ስጠጣ ደፍቼበት ነው" አሉ አባቷ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

በሳምንቱ ሦስቴ ተደገመ። "አረጀሁ መሰለኝ" አሉ ያኔ።

እናቷ አርባ ዓመት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። አሁን አንዱን ጥያቄ አሥሬ ቢጠይቁም የቀሚሳቸው አንገትጌ ሳይተኮስ ከክፍላቸው አይወጡም። "አባትሽ እኮ ሕፃን ሆነ" ይላሉ እየሳቁ። አባቷም አብረው ይስቃሉ።

ልጅቷ ከሥራ ቦታዋ አዲስ ፈሳሽ አመጣች። ውስጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉበት፤ ፍራሽ ውስጥ ዘልቀው የሽንቱን ርዝራዥ ይበሉታል፣ ሽታውም አብሮ ይጠፋል።

"በረኪና እንዳታስነካቸው፣ ይሞታሉ" አለች።

"በስተርጅና ከብት አርቢ ሆንኩ በይኛ" አሉ አባቷ።

ከዚያ ወዲህ አባቷ ማለዳ ከሁሉም ቀድመው እየተነሱ ፍራሹን ይረጫሉ። ሽታው ጠፋ። አንሶላው ግን መርጠቡን አልተወም።

ዳይፐር ገዛችላቸው። ጠዋት ጠዋት ደረቁን አልጋው ሥር ታገኘዋለች።

"አባዬ፣ ለምን ታወልቀዋለህ?"

"ይሞቀኛል።"

"ታዲያ እማዬ ምን በወጣት? ሌላ ክፍል ተኛ።"

"ከእሷ ተለይቼ አልተኛም። መቆጣትም ካለብሽ ተቆጪኝ፤ እሷ ፊት ግን አይሁን።"

አንድ እሁድ ትዕግሥቷ አለቀ። ወንድሞቿ ለምሳ በተሰበሰቡበት፣ "ለራሱ እንኳን የማያፍር ሽማግሌ" አለች። አባቷ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና "እውነትሽን ነው፣ ልጄ" አሉ። እናቷ መብላታቸውን አላቋረጡም።

ማክሰኞ አባቷ ዳቦ ሊገዙ እንደወጡ ልባቸው ቀጥ አለ። ሰፈርተኛ ተሸክሞ ሲያመጣቸው ዳቦው በብብታቸው ነበር። ይቅርታ ልትጠይቃቸው ስታስብ ሁለት ቀን አልፏት ነበር፤ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

በተቀበሩ ማግስት ጠዋት ልብሶቻቸውን ልትሰበስብ ወደ ክፍሉ ገባች። ብቻቸውን ያደሩት እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የሌሊት ቀሚሳቸው ርሶ ጭናቸው ላይ ተለጥፏል።

"አባትሽ ዛሬም አረጠበው" አሉ።