የኩርባው ስልክ

በሹፌሮች ማሠልጠኛው ውስጥ ሁሉም «እትዬ ፍሬን» ነው የሚሏት። ሥራዋ እየነዱ ስልክ የሚያወሩ ሰዎችን ማጋጨት ነው። በውሸት ነው ታዲያ። ከአሮጌ መኪና ተቆርጦ የመጣ ወንበርና መሪ፣ ከፊቱ ሦስት ትልልቅ ስክሪን፣ ከጎኑ አንድ ስልክ። ሠልጣኙ ይነዳል፤ ኩርባው ጋ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል። ያነሳ ሰው አራት ሰከንድ ሳይሞላው ከጭነት መኪና ጋር ይላተማል። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ስልኩ ግን ካልዘጉት አያርፍም፤ ያንኑ እየደጋገመ ይለፈልፋል።

«የት ደረስክ? ስማ፣ የሳሎኑ አምፖል ተቃጥሏል፤ ስትመጣ እንዳትረሳ። ሄሎ? ትሰማኛለህ?»

ወንዶቹ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይስቃሉ። «ይቺማ የኔዋ ናት!» ይላሉ። ድምፁን የቀዳችው ራሷ እትዬ ፍሬን ናት። ቃል ፍለጋም አልተጨነቀችም፤ ለባሏ በስልክ ካለችው አንዱን አንስታ ነው።

ባሏ ነጭ የዳቦ መኪና ይነዳ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ኩርባ ላይ ገደል ገባ። በስልክ ስታወራው ደህና ነበር እኮ! ደህና ዋል እንኳን ሳትለው ኔትወርኩ ቆረጣቸው፤ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግባታል። ማዶ ድንጋይ ሲፈልጥ የነበረ ሠራተኛ ለፖሊስ ያየውን ተናገረ፦ ኩርባው ላይ ሰማያዊ የጭነት መኪና ነበር፤ ሹፌሩ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር፤ ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ታርጋ የለ፣ ስም የለ። ፋይሉ ተዘጋ።

እሷ ግን አልዘጋችውም። ያ ሰውዬ ስልኩን እያወራ ባሏን ገደል ከትቶ እንደሸሸ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም። ይህን ሥራ ለምና የገባችው፣ የዚያን ኩርባ ፎቶ ለባለሙያው ሰጥታ መንገዱ ዳር ያለውን ነጭ ግንብ ሳይቀር ማሽኑ ውስጥ ያስገባችው ለዚሁ ነው። ሹፌር የተባለ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ወንበር ላይ መቀመጡ አይቀርም። እስከዚያው እንቅልፏም እንቅልፍ አይደለም፣ ወንበር ላይም አትረጋም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ገባ። መንጃ ፈቃዱን ሳያሳድስ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ለማሳደስ ይህን ፈተና ማለፍ አለበት።

«እንደምን አደሩ፤ ይግቡ» አለችው።

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም። እስክሪብቶዋን ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነዱም?»

«እንዲሁ... ጠላሁት።»

«አሁንስ?»

«ልጆች አሉኛ፣ እህቴ። ሌላ ሙያ የለኝም።»

ተቀመጠ። አነዳዱ የጨዋ ነው፤ ፍጥነቱን ጠብቆ፣ መስታወቱን እያየ። ነጩ ግንብ ብቅ ሲል ግን ስልኩም ሳይጮኽ፣ የጭነት መኪናውም ሳይመጣ ፍሬን ያዘ። እትዬ ፍሬን እንዲህ ያደረገ ሰው አይታ አታውቅም። 

ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው አልነካውም።

«አንሳው» አለችው።

«አይነሳም አይደል የሚባለው?»

«አንሳው አልኩህ!» አንቱታው ከአፏ ሲወድቅ እሷም አላወቀችም።

አነሳው። ጆሮው ጋ አደረገው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወዲያው ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ሄዳ በሩን ቆለፈችው።

«ቦታውን ታውቀዋለህ።»

እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

«ሰማያዊ የጭነት መኪና ነበረህ!»

«ነበረኝ» አለ በቀስታ። «ሸጥኩት።»

«ስልክ ጆሮህ ላይ ነበር! ያየህ ሰው አለ! ሦስት ዓመት፣ አንተ ሰውዬ! ሦስት ዓመት ሙሉ ነው የፈለግኩህ!»

«ጆሮዬ ላይ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለ። ከግንባሩ ላቡ ይንጠባጠባል። «ግን ስልኩ የኔ አልነበረም፣ እህቴ። የዳቦ መኪናው መስመሩን ለቆ መጣብኝ። ሹፌሩ አንገቱን ወደ ትከሻው አዘንብሎ ነበር፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ አልነበረም። ጥሩንባ ነፋሁ፣ ዳር ያዝኩ። ደንግጦ መሪውን ሲያዞር ገደል ገባ። ሮጬ ወረድኩ። ነፍሱ ወጥታለች።»

«ትዋሻለህ!»

«ልጆቼን! ስልኩ ሣሩ ላይ ወድቆ በሴት ድምፅ ብቻውን ያወራል። ልንገራት ብዬ አነሳሁትና ጆሮዬ ጋ አደረግኩት። አፌ እምቢ አለኝ። ዘጋሁትና... ፈራሁ፣ ሸሸሁ። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ፖሊስ ብትጠሪብኝም እሄዳለሁ።»

እትዬ ፍሬን በሩን ተደግፋ ቆመች። እስክሪብቶዋ ጸጥ ብሏል።

«ምን አለ?» አለችው። «ስልኩ ምን እያለ ነበር?»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የወደቀውን ስልክ አነሳና ወደ እሷ ዘረጋላት።

«...የሳሎኑ አምፖል ተቃጥሏል፤ ስትመጣ እንዳትረሳ። ሄሎ? ትሰማኛለህ?»