አሥረኛው ምርመራ

የኑክሌር ቦምብ ሙከራ የበከላትን የፓስፊክ ደሴት ለመፈተሽ መርማሪዎች በየዓመቱ በመርከብ ይመጣሉ። ዘንድሮም የቀረበላቸውን ኮኮናት በመሣሪያቸው ለክተው ሲያበቁ፣ አለቃቸው «ጨረር የለበትም፤ እንደ ልባችሁ ብሉ» አለ።

አንዲት ሴት ከተሰበሰበው ሰው መሃል ተነሣች።

«ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ስትል አምኜህ ልጆቼን አበላሁ። ሁለቱን ቀበርኩ፤ ሦስተኛዋ አልጋ ይዛለች። መሣሪያህም እንዳንተ መዋሸት ለመደ?»

ሰውየው አቀረቀረ። «እህቴ፣ የሰጣችሁኝን ነው የለካሁት።»

የመንደሩ ሽማግሌ የሆነው አባቷ በኀፍረት ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

«እንግዳ አይሰደብም፣ ልጄ።» ወደ መርማሪው ዞረ። «አይቀየሙን፣ ጌታዬ። እኛ እንግዳ አክባሪዎች ነን። የደሴታችንን የቀጨጨ ኮኮናት አንድም ቀን አላቀረብንላችሁም፤ የእናንተን እኔው ራሴ ቀኑን ሙሉ ቀዝፌ ከሌላ ደሴት ነው የማመጣው።»